የባሌ እህት አበባና የእኔ ጣሪያ

ስለ ባሌ እህት ስለ ቲርታ ማያ ልጽፍ ነው። ደግነቷን የሚያወራላት ሞልቷል፤ በግቢያችን ዙሪያ ያለ ሰው በሙሉ ስሟን ሲጠራ አፉ ማር ይሆናል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ስቀናባት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ሰው የሚወደውን አየት አድርጎ ያልፈዋል፤ የቀናበትን ግን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ነው የሚያጠናው።

ፓታን ከተማ ያለው ቤታችን ጠባብና ረጅም ነው። ከታች ባሌ አስታ ራትና የነሐስ አማልክት የሚቀርጽበት ክፍል አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ እስከ ላይ ይሰማል። ከሱ በላይ ቲርታ ማያ ትኖራለች። ከእሷ በላይ እኔና ባሌ፤ ከእኛ በላይ ወጥ ቤቱና የዘራችን አምላክ የሚቀመጥበት ክፍል፤ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። ጣሪያችን ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ከወጣችበት ሰዓት እስከምትገባበት አትለየውም። ቲርታ ማያ ያላት ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቀምጥ በረንዳ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ግቢው የዞረ፣ ዙሪያውን በሰው ግድግዳ የታጠረ።

ወደዚህ ቤት የመጣችው እኔ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሏ ሞቶ፣ ልጅ ሳይኖራት፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና አፈር የሞላ አንድ የዘይት ጣሳ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ጣሳውን እኔ ልቀበላት ስል «ተዪው፣ ይሄን እኔው» አለችኝ። ገና ከበር ነው የጀመርነው። ኑሮዋ ቀላል ነው፤ ለቤተ መቅደስ መብራት የሚሆን የጥጥ ፈትል እየጠመዘዘች ትሸጣለች፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ከሰው ይልቅ ከዕፅዋቷ ጋር ታወራለች። «አንተ ሰነፍ፣ ጎረቤትህ አብቦ አንተ ቅጠል ብቻ ትቆልላለህ? አታፍርም?» ስትል ከላይ ሆኜ እሰማታለሁ።

አበባ ስል ጽጌረዳ ምናምን እንዳይመስላችሁ። ማክማሊ የምንላት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ክብ ሐምራዊ አበባ ናት። ሽታ የላትም፤ ውበቷም ይህን ያህል አይደለም። አንድ ነገር ግን አላት፤ ብትቆረጥም አትጠወልግም። ዝናቡ አልቆ ብርዱ ሳይጀምር፣ በወንድሞች ቀን፣ እህት የዚህችን አበባ ጉንጉን በወንድሟ አንገት ታጠልቃለች። ሞት ወንድምየውን ሊወስድ ቢመጣ እንኳ ጉንጉኑ እስኪጠወልግ መጠበቅ አለበት ይባላል፤ ጉንጉኑ ደግሞ አይጠወልግም።

ሌላዋ እህት ጉንጉኑን ከገበያ ገዝታ ትገላገላለች። ቲርታ ማያም አንድ ዓመት ገዝታ ነበር። ባሏን ስታስታምም ጊዜ አጣችና ከመንገድ ዳር ሁለት ጉንጉን ገዝታ አንዱን ለባሌ፣ አንዱን ለታናሽ ወንድማቸው አጠለቀች። በዚያው የብርድ ወራት ታናሹ ሞተ። ሐኪሙ ሳምባው ነው አለ፤ እሷ አበባው ነው አለች። «የማን እጅ እንደነካው የማላውቀውን አበባ በወንድሜ አንገት ላይ አደረግኩ» ብላ ደረቷን ስትደቃ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለጉንጉኑ የሚያስፈልገውን አንድ መቶ ስምንት አበባ በሙሉ ራሷ ዘርታ፣ ራሷ አጠጥታ፣ ራሷ ቀጥፋ ነው የምትጎነጉነው። የቀረላት ወንድም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ባል ነው።

መከራዋ ፀሐይ ነው። ማክማሊ ፀሐይ ካጣች ቁመቷ እንደ ክር ይመዘዛል እንጂ አታብብም። ድሮ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ያህል ታርፍ ነበር። ከተማችንን ካፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ግን ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት ቤቷን ስታድስ ሁለት ፎቅ ጨመረች። ለቲርታ ማያ የቀረላት ፍርፋሪ ነው፤ ጠዋት በግራ ጥግ አርባ ደቂቃ፣ ከሰዓት በሁለት ቤቶች መሐል ሾልካ በቀኝ በኩል አንድ ሰዓት። እሷ ያችን ፍርፋሪ ስትለቅም ነው የምትውለው። አሥራ አራት ዕቃ ነበራት፤ የዘይት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ። ጠዋት ሁሉንም ወደ ግራ ታጓጉዛለች፣ ከሰዓት ወደ ቀኝ። ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን በጡብ ላይ አድርጋ ከፊት። ጥላው በየወሩ የት እንደሚደርስ ወለሉ ላይ በከሰል አስምራለች። ግድግዳውን ደግሞ ብርሃን እንዲመልስላት ኖራ ቀባችው። ወገቧን ይዛ ታቃስትና መልሳ ባልዲውን ታነሳለች።

«ጣሪያው እያለ?» ትሉኝ ይሆናል። የጣሪያው ደረጃ የሚያልፈው የዘር አምላካችን ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። አግብታ የወጣች ሴት ልጅ ደግሞ የባሏ ዘር ሆናለችና፣ ባሏ ቢሞትም፣ እዚያ አትገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ሕጉ ይመቸኝ ነበር፤ አልዋሽም። ዕቃዎቿን ተሸክሜ ላወጣላት እችል ነበር፤ አምላኩ ባልዲ አይከለክልም። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አንዴ እንኳ ላውጣልሽ አላልኳትም።

ለምን ቀናሁባት? እኔ ወንድም የለኝም። እናቴ የወለደችን አምስት ሴቶች ነን። በወንድሞች ቀን የጎረቤት ልጆች ጉንጉናቸውን ይዘው ሲሯሯጡ፣ እኛ ግን፣ ወንድም የሌላቸው ሴቶች በሚሄዱበት፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ በሚከፈተው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ተሰልፈን እንውል ነበር። ሳገባ «እሰይ፣ አሁን የራሴ ሰው አለኝ» አልኩ። የራሴን ሰው ግን በዚያ ትልቅ ቀን ሌላ ሴት ፊቷ አስቀምጣው፣ ዙሪያውን ዘይት አፍስሳለት፣ ግንባሩን ቀብታ፣ አበባ አጥልቃ ዕድሜ ትለምንለታለች። እሱም ጎንበስ ብሎ እግሯን ይነካል። የሚስት ቦታ በሩ ላይ ነው፤ ለውዙንና ጣፋጩን ታቀብላለች። ነፍሷን ይማረውና አማቴ፣ «በዚያ ጉንጉን የሚስት እጅ ከገባበት ባልየው ወንድም ሆነ ማለት ነው፤ ለባልነቱም ለወንድምነቱም አይረባም» ትለኝ ነበር። እኔ ለዚህ ሰው ዕድሜ በአበባ መለመን አልችልም። የምችለው ሽንኩርት መክተፍ ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ አስታ ራትና ከሥራው ላይ ወደቀ። ልቡ ሰፍቷል አሉን። ጨው እንዲተው፣ ከባድ መዶሻ እንዳይነካ፣ ደረጃ እንዳያበዛ ተነገረው። እኔ ጨውን ቀነስኩ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ አስዋጥኩት። ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። እሷ ደግሞ ዕቃዎቿን ከአሥራ አራት ወደ ሃያ ሁለት ከፍ አደረገቻቸው። ሰፈሩ ማንን ያደነቀ ይመስላችኋል?

«እህት ማለት እንዲህ ናት!» አለችኝ የፊት ለፊቷ ጎረቤት፣ ያቺው ፀሐይ የከለለችብን። «አበባዋን ስትንከባከብ ሳይ እንባዬ ይመጣል።»

«ጨው የቀነሰችዋንስ ስታዪ?» አልኳት።

«እሱማ የሚስት ወግ ነው» አለች።

እልህ ያዘኝ። ያን ሳምንት ዘር ገዝቼ ጣሪያው ላይ ሠላሳ ዕቃ ሙሉ ማክማሊ ዘራሁ። ለማን? ለማንም። ሰው ሲጠይቀኝ ለአማልክቱ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ባሌ ወጥቶ አይቶ «አንቺ ደግሞ ከእታለም ትበልጫለሽ!» እንዲለኝ ነበር። አፈሩ አዲስ፣ ፀሐዩ ሙሉ፤ የእኔ እንደ ጎመን ተንዠረገገ።

ዝናቡ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ባሌን ታች ተቀምጦ ትሪ ሲወለውል አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ሳይ ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ትልቁ የነሐስ ትሪ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ለእታለም ነው። ከጣሪያው ጠርዝ በቀርከሃ ወጣ አድርጌ ብሰቅለው፣ የላዩን ፀሐይ ወደ በረንዳዋ ይመልስላታል።»

«የእኔን ትሪ?»

«ምን ታደርጊበታለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ነው የተኛው።»

«አንድ ቀን ወልውለህልኝ ታውቃለህ?»

ሳቀ። «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እሷስ ጠየቀችህ?»

«አልጠየቀችኝም። ባልዲ ስታነሳ አየኋት።»

«እኔ ድስት ሳነሳ ሳታየኝ ቀርተህ ነው?»

«ኧረ ሄራ ሾቫ! ጭራሽ ከአበባ ጋር ትጣዪ ጀመር?»

ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደረጃውን ወጣ። ተከተልኩት። ሠላሳው ዕቃዬ መሐል ደረሰ፤ ገና እምቡጥ ናቸው። አሁን ያያል፣ አሁን ይናገራል ብዬ አፉን አፉን አያለሁ። አንዱን ጣሳ በእግሩ ገፋ አደረገና «ይሄን ሁሉ ቅጠል ምን ብለሽ ነው መንገድ ላይ የደረደርሽው?» አለኝ። ትሪውን ሰቅሎ፣ ግራ ቀኝ እያዞረ አስተካክሎ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ክብ ብርሃን በቲርታ ማያ በረንዳ ላይ ማረፍ ጀመረ። «አስታዬ፣ መጣች! መጣች!» ብላ እንደ ልጅ ስታጨበጭብ ሰማኋት። የእናቴ ትሪ፣ የባሌ እጅ፣ የእሷ አበባ። አራት ቀን ቻልኩት። በአምስተኛው ቀን ወጥቼ ትሪውን አወረድኩትና አልጋ ሥር መለስኩት።

«ትሪው ምን ሆነ?» አለኝ ባሌ።

«ነፋሱ ሊጥለው ነበር። ሰው ቢገድልስ?»

ድጋሚ ለመውጣት ትንፋሽ አልነበረውም። ቲርታ ማያ ወደ ባልዲዎቿ ተመለሰች፤ ጠዋት ወደ ግራ፣ ከሰዓት ወደ ቀኝ። አበባዋ እምቡጥ የሚያወጣበት ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

የወንድሞች ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንድ ሳህን ጣፋጭ ይዤ ወደ እሷ ወረድኩ። ጣፋጩ ሰበብ ነው፤ አበባዋን ማየት ነበር የፈለግኩት። በረንዳዋ ላይ ያቺን የአንድ ሰዓት ፀሐይ ተጠግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ባነጠፈችው ጨርቅ ላይ አበቦቿ ተሰጥተዋል፤ የደበዘዙ፣ ሽምብራ የሚያህሉ።

«ስንት ሆኑልዎት፣ እትዬ?» አልኳት። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምላት፤ በሆዴ ሌላ ነው።

«አርባ ሦስት።»

«ውይ! ከገበያ ልግዛልዎት እንዴ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም። «ትሪውን ያወረድሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ነፋሱ እኮ...»

«ነፋስ አልነበረም። ፀሐይ በደቂቃ የምቆጥር ሴት ነኝ፤ ነፋስ መኖር አለመኖሩን አጣዋለሁ?»

ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሄራ ሾቫ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ የማንን ዕድሜ ነው የምለምነው?»

«የወንድምዎን።»

«ያንቺን ባል ነው! እኔ ከሱ ምን አለኝ? በዓመት አንድ ቀን። የቀረውን ቀን ሁሉ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ወንድም ማጣትን አውቀዋለሁ፤ ያማል፣ ይለመዳል። ባል ማጣትንም አውቀዋለሁ፤ እሱ አይለመድም። ባል የሞተባት ቀይ አትለብስም፤ እኔ ቀይ ካወለቅኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። አንቺም እንደኔ ቀይ እንዳታወልቂ ብዬ ነው በዚህ ወገቤ ባልዲ የምጎትተው። አንቺ ደግሞ ፀሐዬን ትወስጂብኛለሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ያቺ ሴት እኔው ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺ አበባ ከእኔ የምትነጥቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔም የምትለምንልኝ መሆኗ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። በወጥ ቤት መቀስ ጣሪያው ላይ ያለውን አበባ አንድ ሳላስቀር ቆረጥኩት። በነጠላዬ ሞልቼ አመጣሁና ፊቷ ዘረገፍኩት።

አንዷን አንስታ አገላበጠቻት።

«ፀሐይ የጠገበች» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ ከሌላ ሰው ቢሆን አላውቀውም፣ ከራሴ ግን አውቀዋለሁ። ቅናት ነው። «ሃያ ዓመት ያንን ጣሪያ ከዚህ ሆኜ ሳየው... ተዪው። ለማን ዘራሽው?»

«ለማንም። እሱ እንዲያይልኝ።»

«አየልሽ?»

«መንገድ ዘጋሽ አለኝ።»

ፍርፍር ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እየወረደ። አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

ከዚያ ፊቷን ሰብሰብ አደረገችና መርፌዋን አነሳች። «የገበያውን እምቢ የምለው የማን እጅ እንደነካው ስለማላውቅ ነው። ይህን ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «እናታችን ስለ ሚስት እጅ ትል የነበረውን ታውቂያለሽ። ነገ ስምሽ ከተነሳ ጉንጉኑ አለቀለት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለእሱም ጭምር።»

«ለእሱም?»

«ለእሱ ነው በተለይ።»

እሺ አልኩ። እሷ ትሰካለች፣ እኔ ክሩን ሳልነካ አበባውን ብቻ አቀብላታለሁ። የእሷን አርባ ሦስት ትናንሽ አበቦች በልቡ በኩል አደረገቻቸው፤ የእኔን ስልሳ አምስት ወደ ማጅራቱ። አየኋት። እዚያም ላይ ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ታጥቦ፣ ቆቡን አድርጎ ተቀመጠ። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ሳትቀር ሰው በሩን ሞልቶታል። ቲርታ ማያ ዘይቷን አፈሰሰች፣ ግንባሩን ቀባች፣ ጉንጉኑን አነሳች። ሰዉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። እንዲህ ያለ ጉንጉን ከዚያ በረንዳ ወጥቶ አያውቅም።

«እታለም!» አለ አስታ ራትና፣ በሁለት እጁ እየደገፈው። «ከአምናውም ይከብዳል እኮ!»

«ዕድሜህን ያክብድልህ፣ አስታዬ» አለችው።

እግሯን ነካ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን በሩ ላይ አየኝ፤ ለውዙን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አየሽ ሄራ ሾቫ?» አለ እየሳቀ። «በዚያ ጨለማ በረንዳ ይህን አበቀለች! አንቺ ያንን ሁሉ ፀሐይ ታቅፈሽ አንዲት አበባ እንኳ አላመጣሽልኝ!»

ሰዉ ሳቀ። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ከሁሉ በላይ ሳቀች። ስልሳ አምስቱ አበባዬ ማጅራቱ ላይ ናቸው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ያቃጥለኛል። ቲርታ ማያ እጇ ዘይቱ ላይ እንዳለ ቀጥ ብላ ቀረች፤ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«እኔ ለአበባ እጅ የለኝም» አልኩ።

ባሌ እንደገና ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ይኑርልኝ ብቻ እንጂ፣ ከፈለገ መቶ ዓመት ሙሉ ይህችኑ ቀልድ ይቀልድብኝ።